ከ3367 ቁጥሮች መካከል አንዱን መፈለግ፦ ረጅም ሰነድ ውስጥ ገጽ የማገኝበት ዘዴ

ባሕር ዳር ውስጥ ፍርድ ቤት አካባቢ ክስ፣ መልስና ይግባኝ እየጻፍኩ ነው የምተዳደረው። ሰው ራፖር ጸሐፊ ይለናል። የሥራችን ግማሹ መጻፍ ቢሆን ግማሹ መፈለግ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ብቻውን 3367 ቁጥሮች አሉት። የወንጀል ሕጉ 865 አንቀጾች፣ ሕገ መንግሥቱ 106 አንቀጾች አሏቸው። በዚያ ላይ ነጋሪት ጋዜጣው፣ የክልላችን ሕጎች የሚወጡበት ዝክረ ሕግ፣ የሰበር ችሎት ውሳኔዎች የታተሙባቸው ቅጾች ይጨመራሉ። ይህ ሁሉ ዛሬ ላፕቶፕ ውስጥ በፒዲኤፍ ነው ያለው።

ከዘጌ በጀልባ የመጣ ባለጉዳይ ፊቴ ተቀምጦ እኔ የማውሱን ጎማ ሳሽከረክር የሚባክነው የእሱ ሰዓት ነው። ችሎት ይጠብቀዋል፣ የመመለሻ ጀልባም እንዳያመልጠው ያስባል። ስለዚህ ገጽ በፍጥነት ማግኘትን እንደ ተራ ነገር አላየውም። የሙያ ጓደኞቼ እንዴት እንደማደርገው ደጋግመው ስለሚጠይቁኝ፣ የሠራልኝን እዚህ ጽፌዋለሁ።

የማውሱ ጎማ ለማንበብ ጥሩ ነው። የያዝኩትን ገጽ ከላይ እስከ ታች ሳነብ እኔም እጠቀምበታለሁ። ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ሩቅ ቦታ ለመሄድ ግን ቁልፎቹ ይሻላሉ። እኔ የምሠራው ሱማትራ ፒዲኤፍ በሚባለው ፕሮግራም ነው፤ ነጻ ነው፣ ቀላል ነው፣ አሮጌ ላፕቶፕ ላይም ትልቅ ፋይል ቶሎ ይከፍታል። ፋይሉን ዘግቼ ስመለስ ካቆምኩበት ገጽ ላይ ያደርሰኛል። ኮንትሮልና ጂ አብረው ሲጫኑ የገጽ ቁጥር ይጠይቃል፤ ቁጥሩን ጽፎ ኢንተር ማለት ነው። ኤን ወደሚቀጥለው ገጽ፣ ፒ ወደ ቀደመው ይወስዳል። ሆም የመጀመሪያው ገጽ፣ ኤንድ የመጨረሻው ገጽ ነው። አክሮባት ሪደር የሚጠቀም ሰው ገጽ ለመምረጥ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤን ይጫናል። በክሮም ወይም በኤጅ ለሚከፍት ደግሞ ከላይ ያለችው የገጽ ቁጥር ሳጥን አለችለት፤ ጠቅ አድርጎ ቁጥሩን መጻፍ ነው። ኤን እና ፒ የመሳሰሉት ባለ አንድ ፊደል ቁልፎች የአማርኛ መጻፊያው በርቶ ከሆነ ላይታዘዙ ይችላሉ። እኛ ቀኑን ሙሉ በአማርኛ ስለምንጽፍ ይህ ብዙ ጊዜ ያጋጥማል፤ መጀመሪያ ወደ እንግሊዝኛ መመለስ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ትልቁ እንቅፋት፣ አንድ ሰነድ ሁለት ዓይነት የገጽ ቁጥር ያለው መሆኑ ነው። አንዱ ወረቀቱ ላይ የታተመው ነው። ሌላው ፋይሉ ራሱ ከሽፋኑ ጀምሮ የሚቆጥረው ነው። ሽፋን፣ መግቢያና ማውጫ ያለው መጽሐፍ ላይ ሁለቱ አይገናኙም፤ ማውጫው 80 ያለው ፋይሉ ዘንድ 92 ሊሆን ይችላል። ነጋሪት ጋዜጣ ላይ ልዩነቱ ከዚህም ይሰፋል። የጋዜጣው የገጽ ቁጥር ከአዋጅ ወደ አዋጅ ይቀጥላል እንጂ እያንዳንዱ አዋጅ ላይ እንደገና ከ1 አይጀምርም፤ ስለዚህ ጥቂት ገጽ ብቻ ያለው አዋጅ የፊት ገጹ ላይ በሺዎች የሚቆጠር ቁጥር ይዞ ይገኛል። ያንን ቁጥር ኮምፒውተሩ ላይ ቢጽፉት ወደሚፈልጉት ገጽ አያደርስም።

ሒሳቡ ቀላል ነው፦ ከምፈልገው የታተመ ገጽ ላይ ፋይሉ የጀመረበትን የታተመ ገጽ እቀንሳለሁ፣ ከዚያ 1 እደምራለሁ። ለምሳሌ ፋይሉ በ5210 ጀምሮ እኔ 5223ን ከፈለግሁ፣ የምጽፈው 14 ነው። ለመጻሕፍት ደግሞ ልዩነቱን አንድ ጊዜ አውቄ የፋይሉ ስም ላይ እጨምረዋለሁ፤ በስሙ መጨረሻ ላይ «ሲደመር 12» ብዬ። ፋይሉን የሚከፍት ሰው ሁሉ፣ እኔም ብሆን ከወራት በኋላ፣ መቁጠር አያስፈልገውም። ስካን ሲደረግ የተዘለለ ወይም ሁለት ጊዜ የገባ ገጽ ካለ ግን ልዩነቱ መሃል ላይ ይለወጣል። ለዚህ ሲባል መጀመሪያው፣ መካከሉና መጨረሻው አካባቢ ሦስት ቦታ ላይ ሳላረጋግጥ ስሙ ላይ አልጽፍም።

ባለጉዳይ ግን ገጽ ይዞ አይመጣም። ዳኛም ገጽ አይጠራም፤ «የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1723 ምን ይላል?» ነው የሚለው። እዚህ ላይ ከሁሉም የረዳኝ ዘዴ ሰነዱን ለሁለት እየከፈሉ መሄድ ነው። ፋይሉን መካከሉ ላይ እከፍታለሁ። ያየሁት ቁጥር ከምፈልገው ካነሰ የፊተኛውን ግማሽ ትቼ የቀረውን እንደገና እከፍላለሁ፤ ከበለጠ በተቃራኒው። 3367 ቁጥሮች እንዲህ በየጊዜው ለሁለት ሲከፈሉ ቢበዛ በ12 ዝላይ አንዱ ላይ ያደርሳሉ። አንድ ገጽ ላይ ብዙ ቁጥሮች ስላሉ በተግባር ዝላዩ ከዚያም ያነሰ ነው። ይህ ዘዴ ምንም ፕሮግራም አይፈልግም፣ ፋይሉ ስካን የተደረገ ፎቶ ቢሆንም ይሠራል፣ የደበዘዘ ቅጂ ላይም ቁጥሩ እስከታየ ድረስ አያስቸግርም።

ሕጉን እየለመድኩት ስሄድ ደግሞ ከመካከል መጀመር ቀረ። በልቤ የያዝኳቸው ድንበሮች አሉ። ውርስ ከ826 ይጀምራል፣ ስለ ንብረት ከ1126፣ ስለ ውል በጠቅላላው ከ1675፣ ከውል ውጭ የሚደርስ ኃላፊነት ከ2027፣ ሽያጭ ከ2266። ከእያንዳንዱ ጎን የፋይሉን ገጽ በወረቀት ጽፌ ጠረጴዛዬ ላይ ለጥፌአለሁ። 1723 ሲባል ከ1675 ገጽ ተነስቼ ጥቂት ገጾች ወደ ፊት መሄድ ብቻ ይበቃኛል። በዚያው ወረቀት ላይ የትኛው ሕግ የትኛው ፋይል ውስጥ እንደሆነም ጽፌአለሁ፤ የጋብቻ ጉዳይ ከሆነ የምከፍተው የክልላችንን የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 79/1995 ነው፣ የፍትሐ ብሔሩ ፋይል ውስጥ ያለው የድሮው ነውና። ወጣት ጸሐፊዎች ሥራ ሲጀምሩ መጀመሪያ የምሰጣቸው ይህንን ወረቀት ነው።

አሁን ወደ ቃል ፍለጋ ልምጣ፤ ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ነውና። ኮንትሮልና ኤፍ ተጭነው «ኑዛዜ» ብለው ይጽፋሉ፣ ኮምፒውተሩ የለም ይላል፣ ቃሉ ግን ዓይናቸው ፊት ተጽፎ ይታያል። ምክንያቱን ለማወቅ አንድ ፈተና አለ። አንድ መስመር መርጬ በኮንትሮልና ሲ እቀዳለሁ፣ ኖትፓድ ላይ እለጥፈዋለሁ። ከሦስት አንዱ ይሆናል። ፊደሉ እንዳለ ከመጣ ፍለጋ ይሠራል። ጭራሽ መምረጥ ካልተቻለ ሰነዱ ፎቶ ነው፤ ቁጥርን ለሁለት በመክፈል መሄድ ነው። የላቲን ፊደልና ምልክት ተቀላቅሎ ትርጉም የለሽ ጽሑፍ ከመጣ ደግሞ ሰነዱ የተጻፈው እንደ ቪዥዋል ግዕዝ ባሉ የድሮ ፎንቶች ነው። የእኛ ፊደል ኮምፒውተሮች በጋራ በሚጠቀሙበት የፊደል ሠንጠረዥ፣ ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት፣ ብዙ ቢሮዎች ውስጥም ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ፣ ኮምፒውተሩ ሌላ ፊደል አስቀምጦ ለዓይን ብቻ የእኛን ፊደል ሥዕል ያሳይ ነበር። ሰው ያነበዋል፤ ፈላጊው ግን አያውቀውም።

እንዲህ ላለው ሰነድ ሁለት መውጫ አለኝ። አንደኛው ቁጥር መፈለግ ነው። ፊደሉ ቢበላሽም አኃዙ ብዙ ጊዜ ደህና ስለሚሆን 881 ወይም የመዝገቡን ቁጥር ብዬ እፈልጋለሁ። ሁለተኛውን እኔ ከሁሉም አብልጬ እወደዋለሁ። ነጋሪት ጋዜጣ አማርኛውን በአንድ ዓምድ፣ እንግሊዝኛውን ከጎኑ አድርጎ ነው የሚታተመው። አማርኛው ለፍለጋ ባይመችም እንግሊዝኛው ይመቻል። የጉዳዩን የእንግሊዝኛ ቃል እፈልጋለሁ፣ ገጹ ይመጣል፣ ከዚያ ዓይኔን ወደ አማርኛው ዓምድ አዞራለሁ። እንግሊዝኛ ብዙም የማይሆንለት ሰው እንኳ ለዘወትር ሥራው የሚሆኑትን ቃላት በአንድ ገጽ ጽፎ ቢይዝ ይበቃዋል።

ፍለጋው የሚሠራበት ሰነድ ላይም አማርኛችን የራሱ ጠባይ አለው። «ኃላፊነት» በኃ፣ በሃ፣ በሀ፣ በኀ ተጽፎ አይቻለሁ፤ ለእኛ አንድ ቃል ነው፣ ለኮምፒውተሩ አራት ነው። አንቀጽና አንቀፅ፣ ሕግና ህግ፣ ዓመትና አመት እንደዚሁ። ከተቻለ እነዚህ ፊደላት የሌሉበትን ቃል እመርጣለሁ፦ ኑዛዜ፣ ውል፣ ቤት፣ ገንዘብ። ካልተቻለ በየአጻጻፉ ደጋግሜ እሞክራለሁ፤ በአንዱ አለማግኘት ሰነዱ ውስጥ የለም ማለት አይደለም። ሌላው የቃሉ መጨረሻ ነው። «ምስክር» ብዬ ብፈልግ «ምስክሮች» አይመጣልኝም፤ ር ወደ ሮ ተለውጧልና። ስለዚህ የመጨረሻውን ፊደል ትቼ «ምስክ» ብቻ እጽፋለሁ። «ወራ» ብል ወራሽም፣ ወራሾችም፣ ወራሹም ይመጣሉ፤ አብሮ «ወራት» ይመጣል፣ እሱን ማለፍ አይከብድም። ከፊት ያሉት በ፣ የ እና ለ ግን አያስቸግሩም፤ «ቤት» ያለ ሰው «የቤቱን» ባያገኝም «ለቤት» እና «በቤት»ን ያገኛል።

ይህ ሁሉ ሲደመር ምን እንደሚያደርግ በአንድ ጉዳይ ላሳይ። አንዲት እናት የሟች ባላቸውን የኑዛዜ ወረቀት ይዘው መጡ። ልጆቹ ተከራክረዋል፤ አንዱ «ምስክሩ አልሞላም» ብሏል።

«ልጄ፣ አራት ነው ወይስ ሁለት? ሁሉም የመሰለውን ይነግረኛል» አሉኝ።

«እማማ፣ ሁለቱም ሕጉ ውስጥ አለ፣ ላሳይዎት» አልኩና ከ826 ገጽ ተነስቼ 881ን ከፈትኩ። በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት መነበብ እንዳለበት እዚያ አለ። የሚቀጥለው 882 ደግሞ ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ፣ ሬጅስትራር ወይም ውል አዋዋይ ከሆነ ሁለት እንደሚበቃ ይናገራል። ከዚያ ኑዛዜው ባይጸና ልጆቹ እንዴት እንደሚወርሱ ጠየቁኝ፤ ወደ 842 ዘለልኩ። «እስቲ የምስክሩን ድገምልኝ» ሲሉኝ ኦልትንና የግራ ቀስትን ተጭኜ በአንድ ጊዜ ተመለስኩ።

ይቺ ቁልፍ፣ ኦልትና የግራ ቀስት፣ ሊታወቅላት የሚገባትን ያህል አትታወቅም። በዝላይ ከሄዱበት ቦታ ወደ ነበሩበት ትመልሳለች፤ ኦልትና የቀኝ ቀስት ደግሞ መልሳ ወደ ፊት ትወስዳለች። ሕግ አንዱ ቁጥር ወደ ሌላው የሚልክ ነገር ስለሆነ፣ ያለዚህች ቁልፍ ሁለት ሦስት ቦታ ከሄዱ በኋላ መነሻውን እንደገና መፈለግ ግድ ይሆናል።

ሁለት ቦታዎችን ጎን ለጎን ማየት ሲያስፈልግ ግን መመላለሱም ያደክማል። የቤት ሽያጭ ክርክር ላይ 1723 እና 2877 አብረው ይነበባሉ። ያኔ ፋይሉን በብራውዘር በሁለት መስኮት እከፍተዋለሁ፤ አንዱን በዊንዶውስ ቁልፍና በግራ ቀስት፣ ሌላውን በቀኝ ቀስት እደረድራቸዋለሁ። ባለጉዳዩ አጠገቤ ሆኖ ሁለቱንም በዓይኑ ያያል። የሕጉን ቃል ራሱ ያየ ሰው የጻፍኩለትን ክስ በልበ ሙሉነት ይፈርማል፤ ይህን ደጋግሜ ስላየሁት ስክሪኑን ወደ እነሱ ማዞር ልማዴ ሆኗል።

ደጋግሜ የምሄድባቸውን ገጾች ሱማትራ ላይ በኮንትሮልና ቢ «ተወዳጅ» ብዬ ስም ሰጥቼ አስቀምጣለሁ። ምልክቱ የሚቀመጠው ግን እኔ ላፕቶፕ ላይ እንጂ ፋይሉ ውስጥ አይደለም፤ ፋይሉን በፍላሽ ለሌላ ሰው ብሰጥ ምልክቶቹ አብረው አይሄዱም። በዚህ ምክንያት ዋናውን ማውጫ በኤክሴል ለብቻው እይዛለሁ።

ራሳችን የምናዘጋጀውን ረጅም ጽሑፍ በተመለከተ አጭር ነገር ልበል። ዎርድ ላይ ርእሶችን በፊደል ማድመቅ ብቻ ሳይሆን የርእስ ስታይል ስጧቸው፤ ኮንትሮል፣ ኦልትና 1 መጫን ነው። ኮንትሮልና ኤፍ ሲጫኑ በግራ በኩል በሚከፈተው ሳጥን ውስጥ ርእሶች (Headings) የሚለው ሲመረጥ ርእሶቹ ተዘርዝረው ይመጣሉ፣ ጠቅ በማድረግ ብቻ ይዘላሉ። ወደ ፒዲኤፍ ሲቀየርም አማራጮቹ ውስጥ ከርእሶች ማውጫ ፍጠር የሚለው ላይ ምልክት ከተደረገ፣ የሚቀበለው ሰው ተመሳሳይ ዝርዝር ያገኛል።

አሁን ከጥቂት የሙያ ጓደኞቼ ጋር የያዝነው የሰበር ውሳኔዎችን ነው። በአዋጅ ቁጥር 454/1997 የሰበር ሰሚ ችሎቱ የሕግ ትርጉም የሥር ፍርድ ቤቶችን የሚያስገድድ ከሆነ ወዲህ፣ ያለ እነዚህ ቅጾች ጥሩ ይግባኝ መጻፍ አይቻልም። ቅጾቹ ብዙ ናቸው፣ አንዳንዶቹም ፊደላቸው አይፈለግም። ስለዚህ ተከፋፍለናቸዋል፤ እያንዳንዳችን የደረሰንን ቅጽ እያገላበጥን ኤክሴል ላይ እንመዘግባለን። የመዝገብ ቁጥር፣ የክርክሩ ጉዳይ በሁለት ሦስት ቃል፣ የታተመው ገጽ፣ የፋይሉ ገጽ፤ አራት ዓምድ ይበቃል። የጉዳዩ ዓምድ ላይ ሁላችንም አንድ ዓይነት ፊደል እንድንጠቀም ተስማምተናል፤ ውርስ በስ፣ ሕግ በሕ፣ አንቀጽ በጽ። የተጠናቀቀው ቅጽ በቴሌግራም ይላካል፣ የተቀበለው ሰው ሦስት ገጾችን ከፍቶ ያመሳክራል፣ ከዚያ ወደ ሚቀጥለው እናልፋለን።