«እናስብበት» የሚለው አልጎሪዝም

ባለፈው ክረምት ቱሉ ዲምቱ፣ ኮንዶሚኒየማችን ኮሙናል ውስጥ ነጻ ጥናት አዘጋጀን። ለእረፍት ከዩኒቨርሲቲ የመጡ 8 ወጣቶች አስጠኚ ሆኑ፤ ተማሪዎቹም 8። አንድ ለአንድ። ማን ማንን ያስጠና የሚለው «አንተ ኮምፒውተር ትችላለህ» ተብሎ እኔ ላይ ወደቀ።

ሁሉም ምርጫውን ከ1 እስከ 8 ጻፈ፣ አስጠኚዎቹም ጭምር። እኔም ቀላሉን ያዝኩ፦ ተማሪዎቹን ከአንደኛ ምርጫቸው ጋር መቆለፍ፣ የተረፉትን ወደ ሁለተኛ ምርጫቸው ማሳለፍ። ኤክሴል ላይ 10 ደቂቃ አልፈጀም።

በሦስተኛው ቀን ዝናብ ሸሽቼ ብሎካችን ስገባ አንዲት የስምንተኛ ክፍል ልጅ ደረጃው ላይ ደብተሯን ዘርግታለች። አጠገቧ ያልመደብኩላት አስጠኚ ተቀምጧል። ለካ የልጅቷ አንደኛ ምርጫ ሁሉም የሚሻማበት የሒሳብ ጎበዝ ነበር፤ አመለጣት። ወደ ሁለተኛ ምርጫዋ ስትዞር እሱ ቀድሞ ተቆልፏል፣ ያውም መጨረሻ ላይ ከጻፈው ልጅ ጋር። አንደኛ ያለው ግን እሷን ነበር። ሁለቱ እኔን ትተው ተስማሙ። አልፈረድኩባቸውም። የእነሱ ተመዳቢዎች ግን ኮሙናሉ ውስጥ ተገትረው ቀሩ።

መላው እ.ኤ.አ. በ1962 የሒሳብ ሊቃውንቱ ዴቪድ ጌልና ሎይድ ሻፕሊ ያሳተሙት አልጎሪዝም፣ ማለትም ደረጃ በደረጃ የሚሠራ ዘዴ ነው። የኛ ሽማግሌዎች ቢሰሙት «ይሄማ የኛ ነው» የሚሉ ይመስለኛል። ተማሪው ለአንደኛ ምርጫው ሽማግሌ ይልካል። አስጠኚው ቶሎ «እሺ» አይልም፤ «እናስብበት» ይላል። የሚበልጥበት ጠያቂ ከመጣ የያዘውን ይለቃል። የተለቀቀው ወደሚቀጥለው ምርጫው ይልካል። ላኪ ሲያልቅ ብቻ «እናስብበት» ወደ «እሺ» ይለወጣል። የኔ ጥፋት መቸኮሌ ነበር።

የፓስታ ካርቶን ቆራርጬ ስሞቹን ጻፍኩና ወለል ላይ ሠራሁት። አንድ ልጅ አንድን አስጠኚ ሁለቴ ስለማይጠይቅ ጥያቄው ከ64 አያልፍም። ደረጃው ላይ ያገኘኋቸው ሁለቱ ተገናኙ። ተደባብቀው ሊጠፉ የሚችሉ ሌሎች ጥንዶችም አልቀሩም።

አንድ አባት «ልጄ ሁለተኛውን አንደኛ ብሎ ቢጽፍ አይሻልም?» አሉኝ። በፊተኛው ዘዴ እውነት ነበራቸው፤ ብልጥ ይጠቀማል። በዚህኛው ግን ላኪው የልቡን ከመጻፍ የሚያተርፍበት ሌላ ብልጠት የለም።

ለማየት ያህል አስጠኚዎቹን ላኪ አድርጌ ደገምኩት። ሦስት ተማሪዎች ወደ ዝቅተኛ ምርጫቸው ወረዱ! ሁሌም የሚያደላው ለላኪው ወገን ነው። አሜሪካ ጀማሪ ሐኪሞችን ከሆስፒታል የሚያገናኘው ሥርዓትም ለዓመታት ለሆስፒታሎች ሲያደላ ኖሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ነው ወደ ሐኪሞቹ የዞረው። ያንን ያሻሻለው አልቪን ሮት እ.ኤ.አ. በ2012 ከሻፕሊ ጋር የኢኮኖሚክስ ኖቤል ወሰደ። ጌል ቀድሞ ስለሞተ አልደረሰበትም፤ ያሳዝናል።

እኛ ተማሪዎቹ ይላኩ ብለን ዘጋነው። የሁለተኛውን ውጤት ወሬ የሰማ አንድ አስጠኚ ታዲያ ታክሲ ተራ ይዞኝ፣ «በሚቀጥለው ክረምት እኛ እንላክ እንጂ» አለኝ።

እናስብበት አልኩት።