የመንገደኛ ቤተ መጻሕፍት

ከአንድ የኪራይ ክፍል ወደ ሌላው፣ ከአንዱ አገር ወደ ሌላው በተዘዋወርኩባቸው ዓመታት ሻንጣ ማሰናዳት ማለት በመጻሕፍት ላይ መፍረድ ማለት ነበር። ብዙ አየር መንገዶች ለአንድ ሻንጣ ከሚፈቅዱት 23 ኪሎ ውስጥ ልብስና ጫማ ድርሻቸውን ከወሰዱ በኋላ ለመጽሐፍ የሚተርፈው ጥቂት በመሆኑ፣ የትኛው አብሮኝ እንደሚሄድ፣ የትኛው ለጎረቤት እንደሚሰጥ፣ የትኛው ደግሞ የፈለገ እንዲወስደው ደረጃ ሥር እንደሚቀመጥ ስወስን አመሽ ነበር። ዛሬ በእጅ ቦርሳዬ የጎን ኪስ የሚገባ፣ 200 ግራም አካባቢ የሚመዝን ኢ-ሪደር፣ ማለትም የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ማንበቢያ፣ ይዤ እጓዛለሁ። በሺህ የሚቆጠሩ መጻሕፍት ቢጫኑበትም ክብደቱ ያው ነው።

ነገሩ ከክብደት ያለፈ መሆኑን ያየሁት ሌሊቱን ሙሉ እየተጓዘ ድንበር በሚያቋርጥ ባቡር ውስጥ ነው። የክፍሉ መብራት እንደጠፋ መንገደኛው ሁሉ ወደ ስልኩ ዞረ፤ እኩለ ሌሊት ሳይደርስም በኮሪደሩ ባለው የኤሌክትሪክ መሰኪያ ዙሪያ ወረፋ ተጀመረ። የእኔ ማንበቢያ ግን ካለፈው ከተማ ወዲህ ቻርጅ አልተደረገም፤ መደረግም አላስፈለገውም። ምክንያቱ ያለው በገጹ አሠራር ላይ ነው። የስልክ ስክሪን ብርሃን እያመነጨ ወደ ዓይን ሲልክ፣ የኢ-ሪደር ገጽ እንደ ወረቀት ከውጭ የመጣውን ብርሃን መልሶ ያንጸባርቃል። ከገጹ ሥር በዓይን የማይለዩ ጥቃቅን እንክብሎች ተደርድረዋል፤ በየእንክብሉ ውስጥ ተቃራኒ የኤሌክትሪክ ሙል ያላቸው ነጭና ጥቁር ቅንጣቶች በጠራ ፈሳሽ ውስጥ ይንሳፈፋሉ፤ ኤሌክትሪኩ በሚሰጠው ትእዛዝ መሠረት ነጮቹ ወይም ጥቁሮቹ ወደ ላይ ይወጣሉ። ትልቁ ቁም ነገር አንዴ ከወጡ በኋላ ያለ ምንም ኃይል እዚያው መቆየታቸው ነው። መሣሪያው ለገጹ ኤሌክትሪክ የሚያወጣው ገጽ ሲገለጥ ብቻ ስለሆነ፣ ዋይፋዩን ዘግቶ መብራቱን ዝቅ አድርጎ የሚያነብ ሰው በአንድ ቻርጅ ለሳምንታት ሊጓዝ ይችላል። መብራቱም ቢሆን ከጠርዝ ተነሥቶ በገጹ ላይ የሚፈስ እንጂ ከኋላ ወደ ዓይን የሚወረወር አይደለም፤ አጠገቤ ተኝቶ የነበረው ሰው አንድም ጊዜ ሳይገላበጥ አድሯል።

የዚህ ገጽ መሠረት የተጣለው በአሜሪካው የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም ሲሆን፣ ሐሳቡን ወደ ምርት የለወጠው ኢ-ኢንክ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1997 ተቋቋመ። ሶኒ በ2004 በጃፓን፣ አማዞን ደግሞ በ2007 በአሜሪካ በዚሁ ገጽ የሚሠሩ ማንበቢያዎችን ለገበያ አቀረቡ። ኪንድል የተባለው የአማዞን የመጀመሪያ ማንበቢያ ያለ ኮምፒውተር መጽሐፍ የሚያወርድበት የሞባይል መስመር በአሜሪካ ብቻ የሚሠራ ስለነበር፣ ከዚያ ውጭ ለሚኖር ሰው ግማሽ ዕቃ ነበር ማለት ይቻላል። ከመቶ በላይ በሆኑ አገሮች የሚሠራው ሞዴል በ2009 ሲወጣ፣ በዚያው ዓመት ተፎካካሪው ኮቦ በካናዳዋ ቶሮንቶ ሲጀመር ነው መሣሪያው በእርግጥ የመንገደኛ የሆነው።

በደሴቶች መካከል በሚመላለስ መርከብ ሰገነት ላይ ደግሞ ሌላ ጠባዩን አየሁ፤ የቀትር ፀሐይ ሌላውን ስክሪን ሁሉ ሲያደበዝዘው የእርሱ ገጽ ይበልጥ ይጠራል። አንዳንድ ሞዴሎች ሁለት ሜትር ጥልቀት ባለው ጨው አልባ ውኃ ውስጥ ለ60 ደቂቃ እንዲቋቋሙ ተደርገው ስለተሠሩ የባሕሩ ፍንጣቂ ብዙ አያሳስብም። የሚረታው ብርድ ነው። በክረምት ደጅ ባቡር እየጠበቅኩ ሳነብ ገጹ ለመለወጥ ይዘገያል፣ ያለፈው ገጽ ጥላም ከአዲሱ ፊደል ሥር ይቀራል፤ ወደ ሙቀት ሲገባ ወደ ጠባዩ ይመለሳል። ከብርዱ የከፋው ግን ጫና ነው፤ በብዙዎቹ ሞዴሎች ከገጹ ሥር ያለው ስስ መስታወት በመሆኑ፣ ከላይ ጭረት ሳይታይበት ውስጡ ሊሰነጠቅ ይችላል። ስለዚህ ወደ አውሮፕላኑ ሆድ በሚገባ ሻንጣ ውስጥ አላስቀምጠውም፤ የሊቲየም ባትሪ ያላቸው ዕቃዎች ከተሳፋሪው ጋር ቢሆኑ ስለሚመረጥም ቦታው የእጅ ቦርሳ ነው።

በእኔ አስተያየት ማንበቢያው በውጭ ለሚኖር ሰው ከሁሉ የበለጠ የሚጠቅመው በጉዞው ላይ ሳይሆን ጉዞው ቆሞ ኑሮ ሲጀመር፣ የአዲሱ አገር ቋንቋ ገና በከፊል ብቻ ሲገባ ነው። በዚያ ጊዜ በወረቀት የታተመ ልብ ወለድ ማንበብ በአንድ እጅ መጽሐፍ፣ በሌላው መዝገበ ቃላት ይዞ መታገል ነው፤ ሦስተኛው ገጽ ላይ ታሪኩ ይጠፋል። በኢ-ሪደር ላይ ጣትን በቃሉ ላይ ማሳረፍ በቂ ነው፤ ፍቺው እዚያው ይከፈታል፣ ዓረፍተ ነገሩም ከዓይን አይርቅም። በኪንድል ላይ የተፈለጉት ቃላት ከተገኙበት ዓረፍተ ነገር ጋር ስለሚጠራቀሙ፣ ማታ ማታ ዝርዝሩን መከለስ ከማንኛውም የቋንቋ ትምህርት ቤት መልመጃ ይሻለኝ ነበር። መዝገበ ቃላቱ ሁልጊዜ ያገኛል ማለት ግን አይደለም። ግሱ በጣም በሚረባባቸው፣ ቃል በፊትና በኋላ ቅጥያ በሚሸከምባቸው ቋንቋዎች መሣሪያው ሥሩን መለየት ይሳነዋል፤ ያን ጊዜ አንባቢው ሥሩን ራሱ ገምቶ መፈለግ አለበት። ይህም ቢሆን ትምህርት ነው ብዬ ታግሼዋለሁ።

ድንበር የሌለው የሚመስለው የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ድንበር እንዳለው የተረዳሁትም እዚያው ስኖር ነው። በአንድ አገር ሳለሁ ለመግዛት ያሰብኩት መጽሐፍ፣ የመለያዬን አድራሻ ወደ አዲሱ አገር ከለወጥኩ በኋላ በዚህ አገር አይሸጥም ተባለ። የአንድ መጽሐፍ የማሳተም መብት በየአገሩ ወይም በየአካባቢው ተከፋፍሎ ለተለያዩ አሳታሚዎች ስለሚሸጥ፣ መደብሩ የሚያየው ገዢው የተመዘገበበትን አገር ነው። የወረቀት መጽሐፍ በሻንጣ ውስጥ ያለ ጥያቄ የሚሻገረውን ድንበር ፋይሉ በፈቃድ ብቻ ይሻገራል። ገዛን የምንለውም ቢሆን አብዛኛውን ጊዜ የማንበብ ፈቃድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 አማዞን መብቱ ባልነበረው ሻጭ በኩል የገቡ መጻሕፍትን ከገዢዎች ኪንድል ላይ ከርቀት ሰርዞ ገንዘቡን መለሰ፤ ኃላፊው ጄፍ ቤዞስም በይፋ ይቅርታ ጠየቁ። በየካቲት ወር 2025 ደግሞ ኩባንያው የተገዛውን ፋይል ወደ ኮምፒውተር አውርዶ በዩኤስቢ የማሸጋገሩን አማራጭ አቆመ። በየጊዜው አገር ለሚለውጥ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለምና፣ በተቻለኝ መጠን ቅጂ የሚከለክል ቁልፍ ያልተደረገበትን፣ ኢፐብ በተባለው በብዙ ማንበቢያዎች በሚከፈት የፋይል ቅርጽ የሚሸጠውን እመርጣለሁ፤ ካሊበር በተባለው ነፃ ሶፍትዌር አደራጅቼም አንድ ቅጂ በተለየ ቦታ አስቀምጣለሁ።

ገንዘብ የማይጠየቅበት መንገድም ሰፊ ነው። ማይክል ሃርት እ.ኤ.አ. በ1971 የጀመሩት ፕሮጀክት ጉተንበርግ የመብት ዘመናቸው ያለፈባቸውን ከ70,000 በላይ መጻሕፍት ያቀርባል፤ የድሮ ተጓዦችን ማስታወሻ እነርሱ ባለፉበት መንገድ ላይ ሆኖ ማንበብ የምወደው ደስታ ነው። የመብት ዘመኑ የተለካው በአሜሪካ ሕግ ስለሆነ ግን ያንኑ መጽሐፍ ማውረድ በሌላ አገር ላይፈቀድ ይችላል። የቤተ መጻሕፍት አባል የሆነ ሰው ደግሞ ቤተ መጻሕፍቱ አገልግሎቱን የሚሰጥ ከሆነ ሊቢ በተባለው የመዋሻ መተግበሪያ በኩል ከሩቅ አገር ሆኖም መዋስ ይችላል፤ የተዋሰው መጽሐፍ ቀኑ ሲደርስ ራሱ ስለሚመለስ የመዘግየት ቅጣት የለም።

ስለ ራሳችን ፊደል አንድ ነገር ልጨምር። የግዕዝ ፊደል ኮምፒውተሮች የዓለምን ፊደላት በጋራ በሚለዩበት ደረጃ፣ በዩኒኮድ፣ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ቢሆንም፣ መሣሪያው ፎንቱ (ፊደሉን የሚስለው ፋይል) ከሌለው የአማርኛው ጽሑፍ ባዶ ሳጥን ሆኖ ይታያል። ኮቦም ሆነ አዳዲሶቹ ኪንድሎች አንባቢው የራሱን ፎንት እንዲጭን ስለሚፈቅዱ፣ አቢሲኒካ ኤስ አይ ኤል የተባለውን በነፃ የሚገኝ ፎንት በኮምፒውተር በኩል ማስገባት ነገሩን ያቀናል። የሚያስቸግረው በስካነር ተነሥቶ በፒዲኤፍ የሚዞረው የአማርኛ መጽሐፍ ነው። እርሱ የገጽ ፎቶግራፍ እንጂ ጽሑፍ ስላልሆነ ፊደሉን ብቻ ማተለቅ አይቻልም፤ በስድስት ኢንች ገጽ ላይ መስመር ለመጨረስ ወዲያና ወዲህ መጎተት ያስፈልጋል። መሣሪያውን በአግድም ይዞ የገጹን ነጭ ጠርዝ መቁረጥ መጠነኛ እፎይታ ይሰጣል፤ ከዚያ በላይ የሚፈልግ ሰፋ ያለ ገጽ ያለውን መግዛት አለበት።

ለመንገድ መምሪያ መጽሐፍ ግን ኢ-ሪደርን አልመክርም። ካርታው ያንሳል፣ ሥዕሉ በብዙዎቹ ላይ ግራጫ ነው፣ ከአንዱ ምዕራፍ ወደ ሌላው ዘሎ መመለስም ትዕግሥት ይጨርሳል። ከፊት ወደ ኋላ በተራ የሚነበብ ነገር፣ ልብ ወለድ፣ ታሪክ፣ የሕይወት ታሪክ፣ ለእርሱ ይስማማል። ለማስታወሻ ጸሐፊ ያለው ተጨማሪ ጥቅም፣ ኪንድል አንባቢው ያሰመረባቸውን መስመሮች ከቀንና ከሰዓት ጋር በአንድ የጽሑፍ ፋይል ውስጥ መመዝገቡ ነው፤ በየትኛው ምሽት ምን ሳነብ እንደነበር የማውቀው ከዚያ ነው። በገጹ ላይ መተየብ ዝግ ያለና አሰልቺ ስለሆነ የራሴን ሐሳብ በወረቀት ደብተር እጽፋለሁ፤ ከተማ ከመልቀቄ በፊትም ሁለቱን በየቀናቸው አስተያይቼ ወደ አንድ ጽሑፍ አመጣቸዋለሁ።