የቦርሳውን ሆድ ገልብጣችሁ እዩ

ጅማ ላይ የወታደር ዓይነት የጀርባ ቦርሳ ሁለት ጊዜ ገዝቻለሁ። የመጀመሪያው ብሬን በልቶ ቀረ፤ ሁለተኛው ሦስት እጥፍ አስወጥቶኝ እስካሁን አገልግሎት ላይ ነው። ቀድሞ የሚነግረኝ ሰው ባገኝ አንዱ ብቻ ይበቃኝ ነበር።

ጨርቁን ቶሎ ልለፈው። ከጨርቁ ቁጥር ጋር የሚጻፈው «ዲ» ዴኒየር የሚባል የክር ውፍረት መለኪያ ነው፤ የ9000 ሜትር ክር ክብደት በግራም። ሻጮች 1000ዲ ካልሆነ ይላሉ፤ እኔ 500ዲ ናይለን ይበቃል ባይ ነኝ፣ የቀረው ትርፍ ሸክም ነው። 600ዲ ፖሊስተር በቁጥር ቢበልጠውም ሲፋተግ ቶሎ የሚሳሳው እሱ ነው። ለዋናው ኪስ 8 ወይም 10 ቁጥር ዚፕ ፈልጉ። «ዋይኬኬ» የሚል የታወቀ የዚፕ አምራች ጽሑፍ ብቻውን አያሳምናችሁ፣ እሱንም አስመስለው ይሠሩታል። ቦርሳውን ሞልታችሁ ጥጉ ላይ ደጋግማችሁ ክፈቱ ዝጉ፤ የዚፑ ራስ አልፎ ከኋላው ጥርሱ ከተከፈተ ተዉት።

የተቃጠልኩት የማንገቻው ሥር ላይ ነው። የመጀመሪያውን ስገዛ ገበያ ቆሜ ጨርቁን ቧጠጥኩ፣ ዚፑን ጎተትኩ፣ ቁጥሩን አነበብኩ፤ ሆዱን ግን አልገለበጥኩም። የማንገቻው ላይኛ ጫፍ በአንድ መስመር ስፌት ብቻ ነበር የተያዘው። ስፌቱ ውስጥ የገባው ጨርቅ አምስት ሚሊሜትር አይሞላም፣ ጠርዙም ጥብጣብ አልለበሰም። 12 ኪሎ ሲጫንበት ስፌቱ አልተበጠሰም፤ ጨርቁ ከጠርዙ እየተተረተረ ከስፌቱ ሾልኮ ወጣ።

ይባስ ብዬ ልብስ ሰፊ ጋ ወሰድኩት። በልብስ ክርና በቀጭን መርፌ እዚያው ላይ ተመላለሰበት፤ «ደጋግመህ ምታው» ያልኩትም እኔው ነኝ! ቀዳዳው በተጠጋጋ ቁጥር ጨርቁ እንደ ቴምብር ጠርዝ ይሆናል፤ በዚያው መስመር ተቀደደ። ሥራው እንዲህ ነበር መሆን ያለበት፦ ከውስጥ መዳፍ የሚያህል ወፍራም ጨርቅ መደረብ፣ አዲሱን ስፌት ከአሮጌው ቀዳዳ ማራቅ፣ በናይለን ክር ሦስት ሚሊሜትር ያህል እየተራመዱ አራት ማዕዘን ሰፍቶ መሃሉን በኤክስ ማሰር። ይህን ጫማ ሰፊ ይሠራዋል፤ የልብስ ማሽን አይደፍረውም።

ስለዚህ ሁለተኛውን ስገዛ ከሆዱ ጀመርኩ። የውስጥ ጠርዝ ሁሉ ጥብጣብ ለብሷል? ማንገቻው ሥር ጥቅጥቅ ያለ የዚግዛግ ማሰሪያ አለ? በአንድ ማንገቻ አንጠልጥላችሁ ወደ ታች ሳቡት፤ የመርፌው ቀዳዳ ከተከፈተ አትግዙ። ሻጩ «አትጎትትብኝ» ካለ መልሱን ሰጥቷችኋል። ከቦርሳው ውጭ ዕቃ ለማንጠልጠል የተሰፉትን አግድም ጥብጣቦችም ለኩ፤ ስፋታቸው 25 ሚሊሜትር ሆኖ በየ38 ሚሊሜትሩ መታሰር አለባቸው። እዚህ ላይ እጁ የተንቀጠቀጠ ፋብሪካ ሌላው ላይም አይጠነቀቅም።

ሰልባጅ ተራ አንዳንዴ ከአዲሱ የተሻለ ስፌት ይገኛል። ግን አሽትቱት። ውሃ የሚከለክለው የውስጥ ቅብ እርጥበት ሲበዛበት ይበሰብሳል፤ ከሸተተ፣ እጅ ላይ ከተጣበቀ ወይም ነጭ ቅርፊት ካራገፈ አልቆለታል። የጅማን ዝናብ ለምታውቁት ደግሞ «ውሃ አያስገባም» የሚለውን ወረቀት አትመኑት፤ በዚፑና በመርፌው ቀዳዳ ይገባል። አምራቾች የዝናብ ሽፋን ግዙ ይላሉ። ሽፋኑ ጀርባችሁ ጋ ያለውን ወገን ክፍት ስለሚተወው ውሃው በአንገት ወርዶ እዚያ ይገባል። እኔ ዕቃዬን ወፍራም ጥቁር ፌስታል ውስጥ ጠቅልዬ አስገባለሁ።

ቀለሙ ጥቁር፣ ቡኒ ወይም ግራጫ ይሁን። ዥንጉርጉሩን የወታደር ቀለም ፍተሻ ላይ ማስረዳት ያደክማል። ማታ ዚፖቹን ሁሉ ከፍታችሁ ጥላ ውስጥ ዘቅዝቃችሁ ስቀሉት እንጂ እርጥቡን አልጋ ሥር አትወርውሩት።