ኩቴክስ የተቀባችው ሞተር

ጅማ ውስጥ ሞተር በር ላይ ፈትተህ ብቻህን ልትሠራ አትችልም። አላፊ አግዳሚው ሁሉ ቆሞ ያማክርሃል። እኔ ደግሞ የፎቶ ኮፒ ቤቴን ትንሽ ጄኔሬተር ያወረድኩት፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፋቸውን በሚያስረክቡበት ሰሞን ነው። ዘይት እየጠጣች ሰማያዊ ጭስ ትለቅ ነበር። ፋሻ፣ ማለትም የፒስተኑ ቀለበት፣ ተቀየረላት። የቀረው መግጠም ብቻ ነው።

መግጠሙ ላይ ግን ጣጣ አለ። ኮሎው፣ ማለትም ፒስተኑ የሚያዞረው ዘንግ፣ ሁለቴ ሲዞር ቫልቮቹን የሚከፍተው ካምሻፍት አንዴ ነው የሚዞረው። ለዚህ ነው የካምሻፍቱ ማርሽ ጥርስ የኮሎው እጥፍ የሆነው። ፋብሪካው ሁለቱም ማርሾች ላይ ነጥብ ይመታል። ነጥቦቹ ፊት ለፊት ሲገጥሙ ቫልቮቹ በሰዓታቸው ይከፈታሉ፣ በሰዓታቸው ይዘጋሉ። ነጥቧ ግን የጤፍ ፍሬ ታህላለች። በኋላ እንዳላጣት ብዬ ከእህቴ ቀይ ኩቴክስ ተውሼ ሁለቱንም ቀባኋቸው። ማርሾቹን ጋዜጣ ላይ አስቀምጬ ቡና ልጠጣ ገባሁ።

ስወጣ የእህቴ ልጅ ሥራውን ጨርሳልኛለች። ኮሎውም ካምሻፍቱም ጥርሳቸው በሙሉ ቀይ ሆኗል።

«ምን አደረግሽ?»

«አጎቴ፣ አንድ አንድ ብቻ ስትቀባ ሌሎቹ አዘኑ።»

እስቲ ምን ትላታለህ?

ይሄኔ ጎረቤታችን ጋሼ ባለሦስት እግር በርጩማቸውን ይዘው ደረሱ። ጋሼ በጉብዝናቸው ወራት ከጅማ አዲስ አበባ ኤን ትሬ የጭነት መኪና ነድተዋል። 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ የጊቤ ቁልቁለት ሳይረሳ። ስለ ሞተር ማንም አያስተምራቸውም።

«ነጥብ የሚፈልገው የዘንድሮ መካኒክ ነው» አሉ። «ፒስተኑን ጫፍ አድርሰው። ሁለቱም ቫልቭ ዝግ ከሆነ በቃ፣ ግጠመው!»

ሊያሳትም የመጣ የሜካኒካል ተማሪ ፍላሹን እንደያዘ ጥልቅ አለ። «አባቴ፣ ፒስተኑ እኮ ጫፍ የሚደርሰው ሁለቴ ነው። አንዴ ሲጨምቅ፣ አንዴ ጭስ ሲያስወጣ። የቱን ነው የሚሉት?»

«ለመሆኑ አንተ ስንት ሞተር አውርደሃል?»

ልጁ ዝም። ተመልካቹ ግን ለሁለት ተከፈለ። በነገራችን ላይ ልጁ ያለው እውነት ነው፤ ለዚህች ሞተር ግን የቱም ጫፍ አንድ ነው። ማግኔቱ ከኮሎው ጋር በሚዞረው ከባድ ጎማ፣ ቮላኖው ላይ ስለሆነ ካንዴላው በእያንዳንዱ የኮሎ ዙር እሳት ይሰጣል። አንዱ እሳት ይሠራል፣ ሌላው ባክኖ ይቀራል። ነጥብ ለነጥብ ካገናኘህ ሌላውን እሷ ታውቅበታለች። ይህን ላስረዳ ሞከርኩ። ማን ይስማኝ?

ጋሼ በዕድሜ አሸነፉ። በሳቸው ዓይን ተለክቶ ተገጠመ። ገመዱን ስስበው መልሶ እኔን ሳበኝ። ደግሜ ስስብ በካርቡራቶሩ በኩል ጧ! አለች። ጋሼ በርጩማቸውን ጥለው ከተማሪው ቀድመው አጥሩ ሥር ደረሱ። ለሰባ ዓመት ሰው የሚገርም ፍጥነት ነው። ነገሩ ግልጽ ነው። ቫልቮቹ ዝግ ሆነው የሚቆዩበት ቦታ ሰፊ ስለሆነ በዚያ ብቻ ጥርስ አይለካም። ካምሻፍቱ 40 ጥርስ ቢኖረው፣ አንድ ጥርስ መሳት ማለት ኮሎው ላይ 18 ዲግሪ መሳት ነው።

እንደገና ተፈታች። እህቴ ከገበያ ስትመለስ ባዶውን የኩቴክስ ጠርሙስ አየችና እኔን አየችኝ። አሴቶኑን የሰጠችኝ አዲስ ኩቴክስ ልገዛላት ካስማለችኝ በኋላ ነው። ጥርሶቹ ሲጸዱ ትንሿ አለቀሰች። የጄኔሬተሩን የነዳጅ ታንክ እንድትቀባ ተፈቅዶላት ታረቅን። ነጥቦቹ ወጡ፣ ተገናኙ፣ ተገጠመ። ገመዱ ሲሳብ ሞተሯ ያለምንም ኩርፊያ ተነሳች። ተማሪው ጽሑፉን አሳተመ። ጋሼ «ብያችሁ አልነበር!» ብለው በርጩማቸውን አንስተው ሄዱ።

ወሬው እንዴት እንደተሰራጨ አላውቅም። በማግስቱ ሱቅ ስከፍት አንድ ገበሬ የቡና መፈልፈያ ሞተር ባጃጅ ላይ ጭኖ ቆሟል። ሰላምታ ከተለዋወጥን በኋላ አንገቱን ወደ ውስጥ አስግጎ ጠየቀኝ።

«ያቺ ኩቴክስ የምትቀባዋ መካኒክ አልገባችም?»