1874 የጠመንጃዬ ቁጥር አይደለም

ከአያት የወረሳችሁት አሮጌ ጠመንጃ ካላችሁና ፈቃድ ልታወጡለት ካሰባችሁ፣ ከመታወቂያችሁ በፊት የጠመንጃውን ቁጥር ፈልጉ። ፈልጋችሁ አንብቡት፣ ፎቶግራፍ አንሱት፣ በወረቀትም ላይ ጻፉት። ይህን የነገረኝ ሰው አልነበረም። ነግሮኝ ቢሆን ኖሮ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ «የያዙት መሣሪያ የሌላ ሰው ነው» ስባል ባልዋልኩ ነበር።

መሣሪያው ውጅግራ የሚባለው የድሮ የፈረንሳይ ጠመንጃ ነው። ከአያቴ ለአባቴ፣ ከአባቴ ለእኔ ደረሰ። ቤታችን ከዓለም ገና ወደ ሰበታ ሲኬድ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ነው። አካባቢው ገና የጤፍና የሽምብራ ማሳ በነበረበት ጊዜ ጠመንጃ ከምሰሶ ላይ ተሰቅሎ ቢታይ ማንም ዞሮ አያየውም ነበር። ዛሬ ዙሪያችን መጋዘንና ፋብሪካ ሆኗል። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ከወጣ ወዲህ ደግሞ ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝ እንደሚያስቀጣ የማያውቅ የለም። አባቴ ባረፈ በዓመቱ እናቴ «ይህ ነገር ወይ ወረቀት ይኑረው፣ ወይ ከቤቴ ይውጣልኝ» አለች። እናቴ ሁለት ጊዜ አትናገርም።

የወራሽነት ማረጋገጫ ከፍርድ ቤት፣ የወንድሜና የእህቶቼ የስምምነት ፊርማ፣ የድጋፍ ደብዳቤ፣ አሻራ፣ ጉርድ ፎቶግራፍ። ይህ ሁሉ አሰልቺ ነው፤ ግን ያልቃል። ታናሽ እህቴ «ለሙዚየም ስጠው» ብላ ትንሽ አንገራግራ ነበር፤ እሷም ፈረመች።

ጭቅጭቁ የጀመረው ጠመንጃው ራሱ መታየት ሲኖርበት ነው። በቃል የተሰጠኝ መመሪያ «ዝገቱን አስለቅቀው፣ አጽድተው ይዘውት ይምጡ» የሚል ነበር። በሁለቱም አትስማሙ። አንደኛ፣ ፈቃድ የሌለውን ጠመንጃ በማዳበሪያ ጠቅልሎ በታክሲ ይዞ መሄድ ፍተሻ ላይ ምን እንደሚያስከትል መመሪያ ሰጪው አያስብም፤ የሚያዘው እሱ አይደለማ። እኔ መጀመሪያ ማመልከቻና ፎቶግራፍ ብቻ ይዤ ሄድኩ፤ ከዚያም መሣሪያውን ለምርመራ ማምጣት እንደተፈቀደልኝ የሚገልጽ ማኅተም ያለው ደብዳቤ ካልተሰጠኝ አላመጣም ብዬ ድርቅ አልኩ። ተነጫነጩ፤ ጻፉልኝ።

ሁለተኛ፣ ማጽዳት የሚባለው ነገር። ጎረቤታችን ይህንኑ ምክር ሰምተው የአባታቸውን ምንሽር የሚባል ጠመንጃ በብርጭቆ ወረቀት ሲፈትጉ ዋሉና እንደ አዲስ ድስት አብለጭልጨው ወሰዱት። ቁጥሩ ከዝገቱ ጋር አብሮ ሄዷል። የተጠየቁትም «ቁጥሩን ለምን ፋቁት?» የሚል ነበር። ቁጥሩ የተፋቀ መሣሪያ ተሰርቆ ይሆናል ተብሎ ነው የሚታየው። ስለዚህ ብርጭቆ ወረቀትም፣ የሽቦ ቡርሽም ዝር እንዳይሉበት። መጀመሪያ ባዶ መሆኑን አረጋግጡ፤ ጥይት የተቀረቀረበት ከመሰላችሁ እናንተ አትነካኩት፣ የሚያውቅ ሰው ጥሩ። ከዚያ ለስላሳ ጨርቅ በነጭ ጋዝ ነክራችሁ ደጋግማችሁ ጥረጉ። ጨለማ ክፍል ውስጥ ባትሪውን ከጎን አብሩበት፤ ፊት ለፊት ከበራ ጽሑፉ አይታይም። የተጻፈበት ቦታ ላይ ጠመኔ አሽታችሁ ላዩን በጣት ስትጠርጉት ፊደሉ ነጭ ሆኖ ብቅ ይላል።

በእኔ ውጅግራ ላይ እንዲህ ሳደርግ ጥይቱን ከሚያጎርሰው ተንቀሳቃሽ ብረት፣ ከማቀባበያው፣ በስተግራ፣ ብረቱ ጎን ላይ፣ የእጅ ጽሕፈት የሚመስል ቀጭን የፈረንሳይኛ ጽሑፍ ወጣ፤ የሴንት ኤቲየን የጦር መሣሪያ ፋብሪካ፣ ሞዴል 1874 ይላል። በርሜሉ ላይ አንድ የላቲን ፊደልና ተከታታይ አኃዞች አሉ። ያው ቁጥር አነስ ብሎ ማቀባበያው ላይም ተመትቷል። ሙሉ ቁጥሩን እዚህ አልጽፈውም፤ ከደረሰብኝ በኋላ ቁጥሬን ለማንም አልሰጥም።

እዚህ ላይ ነገሩ እንዲገባችሁ ትንሽ ወደ ኋላ ልመልሳችሁ። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1870 እና 71 ከፕሩሲያ ጋር ስትዋጋ ወታደሮቿ የያዙት ሻስፖ የሚባል፣ ጥይቱ በወረቀት የተጠቀለለ ጠመንጃ ነበር። ወረቀቱ ይረጥባል፣ ይቀደዳል። ባዚል ግራ የተባለ መኮንን ያንኑ ጠመንጃ የናስ ቀለህ ያለው 11 ሚሊ ሜትር ጥይት እንዲተኩስ አድርጎ አሻሻለው፤ ሠራዊቱም እ.ኤ.አ. በ1874 ተቀበለው። ሞዴል 1874 ማለት ይህ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር 1866 ወይም 67፣ አፄ ዮሐንስ ዙፋን ላይ በነበሩበት ዘመን። አዲስ የተሠሩት ሁሉ ይህን ዓመት ይዘዋል፤ ከሻስፖ የተቀየሩት ደግሞ 1866-74 ይላሉ። አራት ኪሎ ከምናምን የሚመዝን፣ ከአንድ ሜትር ከሠላሳ የሚረዝም፣ ካዝና የሌለው፣ አንድ ጥይት አጉርሶ አንድ የሚተኩስ መሣሪያ ነው። ባሩዱ ጥቁር ስለሆነ ተኳሹ ያለበት ቦታ በጭሱ ይታወቃል። እ.ኤ.አ. በ1886 ፈረንሳዮች ጭስ አልባ ባሩድ የሚተኩሰውን ሌቤል ሲያወጡ ውጅግራ ትርፍ ሆነ፤ ትርፉም በቀይ ባሕር ነጋዴዎች እጅ በኦቦክ፣ በታጁራና በኋላም በጅቡቲ በኩል ወደ እኛ ጎረፈ። በዚያ ንግድ ገጣሚው አርተር ራምቦ እንኳ እጁን አስገብቷል፤ ከታጁራ ተነስቶ ለንጉሥ ምኒልክ ጠመንጃ በግመል አስጭኖ ሸዋ ድረስ መጥቷል።

አጎቶቼ የእኛው ውጅግራ ዓድዋ የዋለ ነው ይላሉ። ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ብረቱ ላይ ይህን የሚናገር ምንም ነገር የለም፤ ውጅግራ ከ1888 ዓ.ም. በኋላም ሲገባ ኖሯልና። ስለዚህ ማመልከቻ ላይ «የዓድዋ ቅርስ» ብላችሁ አትጻፉ። የማውቀው ሰው እንዲያ ብሎ ጽፎ፣ ፈቃድ ሰጪው «ይህ የቅርስ ጉዳይ ነው»፣ የቅርስ ሰዎቹ ደግሞ «ይህ የመሣሪያ ጉዳይ ነው» እያሉ ሲያመላልሱት ከርሟል። ኩራታችሁን ለቤተሰብ ድግስ አቆዩት፤ ማመልከቻው ላይ «በውርስ የተገኘ» በቂ ነው።

አሁን ወደ ቆሰልኩበት ልምጣ። ጽሕፈት ቤቱን አልጠራም። የተቀበለኝ ወጣት ክፉ ሰው አልነበረም፤ ችኩል ነበር። ጠመንጃውን አገላብጦ አየና መጻፍ ጀመረ።

«ጋሼ፣ መለያ ቁጥሩ ይኸው፤ 1874።»

«እሱ ሞዴሉ ነው፤ ሁሉም ውጅግራ ላይ አለ። ቁጥሩ በርሜሉ ላይ ያለው ነው፤ ፊደል ይቀድመዋል።»

«ኮምፒውተሩ ፊደል አይቀበልም።»

«እሺ፣ ፊደሉን ትተህ አኃዙን ጻፍ።»

«በግልጽ የሚታየው እኮ ይኼ ነው» አለና ጽፎ ጨረሰ። ወደ ኃላፊው ገባሁ። ፎቶግራፎቹን አሳየሁ፤ የጠመኔውን ጽሑፍ አጉልቼ አሳየሁ። ኃላፊው ጥቂት ካሰበ በኋላ ያነሳው ጥያቄ «1874 በእኛ ነው በፈረንጅ?» የሚል ነበር። በፈረንጅ መሆኑን ስነግረው የተረታሁ ይመስል ራሱን ነቀነቀና «እንግዲህ ተመዝግቧል፤ ስህተት ካለ በኋላ ይስተካከላል» አለ። እዚህ አገር «በኋላ ይስተካከላል» ተብሎ የተስተካከለ ነገር የት እንዳለ የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ።

የፈራሁት አልቀረም። ከእኔ በፊት አንድ የማላውቃቸው ሰው ውጅግራቸውን አስመዝግበው ኖሯል፤ የእሳቸውንም ቁጥር 1874 ብለው ጽፈውታል። ኮምፒውተሩ አንድ ቁጥር ለሁለት ሰው አልሰጥም አለ። ይኼኔ ሰዎቹ «ተሳስተናል» ይሉ ይሆናል ብዬ ጠበቅሁ። የደረሰኝ ግን «በሌላ ግለሰብ ስም የተመዘገበ መሣሪያ ይዘው ስለተገኙ ማብራሪያ እንዲሰጡ» የሚል ደብዳቤ ነው። ይዞ መገኘት! ራሳቸው በጻፉልኝ ደብዳቤ፣ ራሳቸው ጠረጴዛ ላይ ያስቀመጥኩትን! ጠመንጃው «እስኪጣራ» ተብሎ ንብረት ክፍል ገባ።

ማብራሪያ ጻፍኩ። መልስ የለም። ደግሜ ጻፍኩ፤ የመጀመሪያው አልደረሰንም ተባለ። ከዚህ የተማርኩት፣ ማንኛውም ደብዳቤ በሁለት ቅጂ ይዘጋጃል፤ አንደኛው ላይ የገቢ መዝገብ ቁጥርና ማኅተም ሳይመታበት ከመዝገብ ቤቱ መስኮት ንቅንቅ አይባልም። «ግድ የለም፣ እናደርስልዎታለን» ሲሏችሁ ቁሙ። ከኋላችሁ የተሰለፈው ሰው ቢያጉረመርምም ቁሙ።

በመጨረሻ የፈታው ነገር ክርክር አልነበረም። የሁለቱም ጠመንጃ ፎቶግራፍ ጎን ለጎን ይቀመጥልኝ ብዬ በጽሑፍ ጠየቅሁ፤ የሰውየውም መሣሪያ እዚያው ተይዞ ነበርና ወጥቶ ታየ። ሁለቱም ላይ 1874፤ በርሜሎቹ ላይ ግን የተለያየ ፊደልና የተለያየ አኃዝ። ኃላፊው ከአንዱ ወደ ሌላው እያየ ቆየና «ለካ ሞዴሉ ነው» አለ፤ እሱ ያገኘው ነገር ይመስል። ይቅርታ የሚል ቃል ከማንም አፍ አልወጣም።

ልረከብ ስሄድ ሌላ ጉድ። ጠመንጃዬ ማቀባበያ የለውም። «ለጥንቃቄ አውልቀን ለብቻ አስቀምጠናል» አሉኝ። ንብረት ክፍሉ የአንድ ሽማግሌ ጡረተኛ ወታደር ግዛት ነው። ሽማግሌው ከጥግ አንድ ጆንያ ጎትተው አመጡና ወለሉ ላይ ዘረገፉት፤ የምንሽሩ፣ የቤልጅጉ፣ የውጅግራው ማቀባበያ ሁሉ በአንድነት፣ አቧራና የተቃጠለ ዘይት ለብሶ።

«አባት፣ የእኔን እንዴት ነው የምንለየው?»

«የሚገባውን መርጠህ ውሰድ» አሉኝ።

የሚገባውን! የአንዱ ውጅግራ ማቀባበያ ሌላው ውስጥ ሊገባ እንደሚችል ማንም መገመት ይችላል። ስልኬን አወጣሁ፤ ፎቶግራፉን አጉልቼ፣ እየጠረግሁ፣ ጥቃቅኑን ቁጥር ሳነብ ቆየሁ። ሽማግሌው መጀመሪያ ሳቁብኝ፤ ቆየት ብለው ግን መነጽራቸውን አድርገው አብረውኝ ተንበረከኩ። ያገኙትም እሳቸው ናቸው። «ይኸው፣ የአባትህ ብረት» አሉኝ። ከዚያ ግቢ በደግ የማነሳው ሰው እሳቸውን ብቻ ነው። ያን ፎቶግራፍ ባላነሳ ኖሮ የሌላ ሰው ማቀባበያ ገጥሜ ቤቴ እገባ ነበር፤ በሚቀጥለው ምርመራ ደግሞ «ቁጥሩ አይመሳሰልም» ተብዬ ከሀ እጀምር ነበር።

አንዳንዶች «ለማይተኮስ ነገር ይህ ሁሉ ልፋት ምን ያደርጋል?» ይሉኛል። ለመጠበቂያማ አይሆንም፤ ጥይቱ በገበያ የለም፣ ቢኖርም ያንን አሮጌ ብረት መተኮስ ፊትን ለአደጋ መስጠት ነው። ሌባ የሚያሳስበው ሰው ውሻ ያሳድግ። ቅጹ ላይ «ዓላማ» በሚለው ቦታ «ራስን ለመከላከል ይበሉ፣ ይቀልዎታል» ሲሉኝ እምቢ ያልኩት ለዚህ ነው። «ለቤተሰብ መታሰቢያ» ብዬ ጻፍኩ፤ እንደፈሩትም ሳይሆን አለፈ። አሁን ማቀባበያው ለብቻው ተቆልፎበታል፣ ቀሪው በቅባት ታሽቶ በጨርቅ ተጠቅልሏል። የቁጥሮቹን ፎቶግራፍ ወንድሜም እህቴም ይዘውታል።

ወረቀቱ በእጄ ነው። ቁጥሩ ትክክል ነው፤ ፊደሉን ኮምፒውተሩ ስላልተቀበለው በእስክሪብቶ ጎኑ ላይ ጽፈው ማኅተም መትተውበታል። ዓይነት በሚለው ላይ «ሌላ» ይላል። የተሠራበት አገር በሚለው ላይ ግን ኮምፒውተሩ ራሱ የሚሞላው ቃል ሳይቀየር ቀርቶ «ሩሲያ» ተብሏል። አሳየኋቸው። «በእድሳት ጊዜ ይስተካከላል» ተባልኩ። ደብዳቤውን በሁለት ቅጂ አዘጋጅቼ አስቀምጫለሁ፤ እስከዚያው ሴንት ኤቲየን ሩሲያ ውስጥ ናት።