ካቢን ሳልይዝ ወደ አላስካ

በዚህ ጉዞ ጉድ ሊሠራኝ የነበረው ባሕሩ አይደለም፣ ፕላስተር ነው። ቆይ፣ ከመጀመሪያው ልጀምር።

ሲያትል ታክሲ እነዳለሁ። በጋ ሲገባ ወደ አላስካ ዓሣ ፋብሪካ የሚሄዱ ሠራተኞችን ኤርፖርት አደርሳለሁ። ከነሱ አንዱ ሐበሻ ነበር። አገሩ እንዴት ነው ብዬ ስጠይቀው፣ «ለሥራ ካልሆነ በአውሮፕላን እንዳትሄድ» አለኝ። «በመርከብ ሂድ። ገንዘብ ካጠረህ ደግሞ ላይኛው ወለል ላይ ድንኳንህን ጥለህ ትተኛለህ።» የሚቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ።

እውነቱን ነው። አላስካ ማሪን ሃይዌይ የሚባል የክፍለ ግዛቱ የመርከብ አገልግሎት አለ፤ ከ1963 ጀምሮ ይሠራል። ሃይዌይ ያሉት ለማጋነን አይደለም። በደቡብ ምሥራቅ አላስካ አብዛኞቹ ከተሞች ከሌላው ዓለም የሚያገናኝ የመኪና መንገድ የላቸውም። ዋና ከተማዋ ጁኖ እንኳን የላትም። ስለዚህ መርከቡ እንደ አገር አቋራጭ አውቶቡስ ነው። ፍሪጅ የጫነ ፒክአፕ፣ ውሻውን ያስከተለ ሽማግሌ፣ ሐኪም ቤት ደርሳ የምትመለስ እናት፣ ሁሉም አለ። ቱሪስቱ በመሀል ነው የሚገባው።

ለኛ ሰው ደግሞ አንድ ትልቅ ነገር አለ። የኔ ፓስፖርት ጊዜው አልፎበት ነበር። ከካናዳዋ ፕሪንስ ሩፐርት ወደብ ተነስቼ ቢሆን ኖሮ ድንበር ላይ እቀር ነበር። እኔ የተነሳሁባት ቤሊንግሃም ግን እዚሁ ዋሽንግተን ስቴት ውስጥ ናት፣ ከሲያትል ወደ ሰሜን 145 ኪሎ ሜትር ገደማ። መርከቡ በካናዳ ውኃ ላይ ያልፋል እንጂ እዚያ አይቆምም። መታወቂያ አሳይቼ ገባሁ።

ትኬቱን ቀደም ብዬ ነው የቆረጥኩት፤ መርከቡ እየሞላ ሲሄድ ዋጋው ይጨምራል። መኪናም ካቢንም የለኝም፣ በእግሬ የምገባ ተሳፋሪ ነኝ። በባቡር ቤሊንግሃም ፌርሄቨን ጣቢያ ወረድኩ። ወደቡ ከዚያ ሻንጣ እየጎተቱ ጥቂት ደቂቃ ነው። ለታክሲ አንድ ሳንቲም አላወጣሁም፤ ባለ ታክሲ ሆኜ ይሄን ስጽፍ ትንሽ ያሳፍረኛል።

ስንቅ ላይ ግን ኮራሁ። ጊዜው ፍልሰታ ነበር። የመርከቡ ካፌ ለጾመኛ ያለው ድንች ጥብስና ሰላጣ ነው፣ ለሦስት ቀን ደግሞ ዋጋው ኪስ ያራግፋል። ምድጃ መለኮስ ክልክል ስለሆነ ሽሮ ማብሰል አይታሰብም። ፍል ውኃ ግን ካፌው ውስጥ አለ። ስለዚህ በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ አንድ ፌስታል ድርቆሽና በዘይት የተቁላላ ድልህ ይዤ ገባሁ። ጠዋት በሶ በስኳር እበጠብጣለሁ። ማታ ድርቆሹን በፍል ውኃ አርሼ በድልህ አሸዋለሁ። አያቶቻችን ሲዘምቱ የያዙት ስንቅ ለመርከብም የተሠራ ነው።

አርብ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተነሳን። መርከቧ ኮሎምቢያ ትባላለች፣ በ1974 የተሠራች፣ 127 ሜትር የምትረዝም። ስሟ የአንድ የበረዶ ግግር ስም ነው፤ የአላስካ መርከቦች ሁሉ በበረዶ ግግር ነው የሚሰየሙት። ከላይ ከኋላ በኩል ሶላሪየም የሚሉት ቦታ አለ። ጣራው መስታወት፣ ጎኑ የተከለለ፣ ከኋላው ክፍት ነው። ኮርኒሱ ላይ የማሞቂያ መብራቶች ተደርድረዋል። የሚዘረጋ የፕላስቲክ ወንበር ይዘህ ስሊፒንግ ባግህን ታነጥፍና ከመብራቱ ሥር ትጋደማለህ፣ ልክ እንደ ጫጩት። ይህ ሁሉ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ነው። ሻወሩም ነፃ ነው።

እኔ የገባሁት ቀስ ብዬ፣ ወረፋው መጨረሻ ላይ ሆኜ ነው። ልምድ ያላቸው ሮጠው ኖሯል። ከመብራቱ ሥር ያሉት ወንበሮች ተይዘዋል። ቀረልኝ ያልኩት ክፍቱ ወለል ላይ ድንኳን መትከል ነው። ወለሉ ብረት ነው፣ ካስማ አይገባበትም። ሰው ሁሉ ድንኳኑን በፕላስተር ነው የሚያጣብቀው። ይሄንን አንብቤ ስለነበር እኔም ፕላስተር ገዝቻለሁ። ችግሩ የገዛሁት ካርቶን የሚታሸግበትን ቡናማውን ስስ ፕላስተር መሆኑ ነው። ከዶላር ስቶር፣ ርካሽ ብዬ።

የመጀመሪያው ሌሊት በሰላም አለፈ። ቫንኩቨር ደሴት ከሜዳው ባሕር ከልላን እንደ ሐይቅ ነበር የተጓዝነው። ልጅ ሆኜ ከባሕር ዳር ጎርጎራ በጣና ጀልባ ሄጄ ነበር፣ ቁንዝላ አድረን። እሱን አስታወሰኝ። እንዲያውም ስለ ባሕር የሚወራው ተጋኗል ብዬ ተኛሁ።

በማግስቱ ደሴቲቱ አለቀች። ክዊን ሻርሎት ሳውንድ የሚባለው ቦታ ላይ ለጥቂት ሰዓታት የሚከልል ነገር የለም፣ ፓስፊክ ፊት ለፊት ነው። መርከቧ ቀስ ብላ መወዛወዝ ጀመረች። መጀመሪያ በሶዬ ከነብርጭቆው ተንሸራተተ። ቀጥሎ አጥወለወለኝ። ከዚያ ነፋሱ መጣ። ጠርር... ጠርር... የሚል ድምፅ ሰማሁና ዘወር ስል የድንኳኔ አንድ ጎን ወደ ሰማይ ተነስቷል። ቡናማው ፕላስተር እንደ ሙዝ ልጣጭ እየተላጠ ነው። ሮጬ ሄጄ በደረቴ ተኛሁበት። ሆዴ ይገለባበጣል፣ ድንኳኑ ፊቴን በጥፊ ይለኛል፣ ከሥሬ ብረቱ ይቀዘቅዛል። ያኔ ካቢን ስንት ነበር ብዬ አሰብኩ፣ አልዋሽም።

ጠና ያሉ አንዲት ሴትዮ ከሶላሪየሙ ወጥተው መጡ። ምንም ሳይሉ ከኪሳቸው ግራጫውን፣ ወፍራሙን፣ ጨርቅ የመሰለውን ፕላስተር አወጡ። አንድ ጫፍ እኔ ያዝኩ፣ እሳቸው በጥርሳቸው እየቆረጡ አራቱንም ማዕዘን መስቀል ሠርተው ለጠፉት። ከዚያ የኔን ፕላስተር አንስተው አዩትና፣ «ይሄ እኮ ለካርቶን ነው» አሉኝ። ቆሎ አቀረብኩላቸው። ሁለት ፍሬ ቆረጠሙና ጥርሳቸውን በእጃቸው ያዙ። የቀረውን ግን ፌስታሉን ተቀብለው ወሰዱት።

ራንግል የምትባል የአላስካ ከተማ ሰው ናቸው፣ ወደ ቤታቸው እየተመለሱ ነበር። ከሳቸው የተማርኩት ከበይነመረብ ካነበብኩት ይበልጣል። ማጥወልወል ከመጣ ወደ መርከቡ መሀል፣ ወደ ታችኛው ወለል ውረድ፤ መወዛወዙ እዚያ ይቀንሳል። ዓይንህን ከስልክ አንስተህ አድማስ ላይ ትከል። ለነገሩ ስልኩም ዋጋ የለውም፣ ኔትወርክ የሚመጣው ከተማ ስንጠጋ ብቻ ነው። ካርታ አስቀድማችሁ አውርዱ።

ከተነሳን 38 ሰዓት አካባቢ ሲሆነን፣ እሑድ ጠዋት፣ ኬቺካን ደረስን። ዝናብ። እዚያ በዓመት ወደ 3.8 ሜትር ይዘንባል፣ የአዲስ አበባን ሦስት እጥፍ ገደማ ነው። ለሰዓታት ቆምን፣ ወርጄ በስብሼ ተመለስኩ። ስለ ኬቺካን ያለኝ ይሄው ነው።

ራንግል ላይ ግን ወደቡ ዳር ሕፃናት ትንንሽ ጠረጴዛ ዘርግተው ጥቁር ቀይ ድንጋይ ይሸጣሉ። ጋርኔት ይባላል። ድንጋዩ የሚወጣበት ገደል በ1962 ለከተማዋ ልጆች በስጦታ የተሰጠ ነው፣ እነሱ ራሳቸው ናቸው በመዶሻ የሚያወጡት። ስምንት ዓመት የማይሞላት ልጅ ጋር ልከራከር ሞከርኩ። መርካቶ ያደገች ነው የምትመስለው፣ አንድ ዶላር አልቀነሰችም። ሴትዮዋ ከኋላዬ ቆመው ይስቁ ነበር። ተሰናብተውኝ ሄዱ፣ ፕላስተሩን ግን ትተውልኝ።

ማታ ያየሁትን ካቢን የያዘ ሰው አላየውም ብዬ እጽናናለሁ። ከራንግል በኋላ ራንግል ናሮውስ የሚባል 35 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም መተላለፊያ አለ። ጠባቡ ቦታ 90 ሜትር ገደማ ነው፤ ማለትም መርከቧ ከምትረዝመው ያንሳል። እየመሸ ነበር። ወደ 60 የሚጠጉ ቀይና አረንጓዴ የአቅጣጫ መብራቶች በየተራ ይበራሉ፣ ይጠፋሉ። መርከቧ አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ ትታጠፋለች። የጥዱ ሽታ እስከ ድንኳኔ ይመጣል። አንድ ሰው በረንዳው ላይ ቆሞ መብራቱን ከፍቶ ሰሃን ያጥባል፣ ሰሃኑን ሁሉ አየሁት። ማንም አያወራም ነበር።

ሁለተኛው ስህተቴ ጁኖ ላይ ነው። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ደረስን። ወደቡ ከተማው መሀል መስሎኝ ነበር። የሽርሽር መርከቦች ናቸው መሀል ከተማ የሚቆሙት፤ ፌሪው፣ ማለትም የኛ መርከብ፣ የሚያወርደው ኦክ ቤይ ነው፣ ከከተማው 22 ኪሎ ሜትር ያህል ወጣ ብሎ። አውቶቡስ እዚያ ድረስ አይመጣም። በዚያ ሰዓት ታክሲም አላገኘሁም። የባለ ታክሲ እርግማን! ተርሚናሉ ውስጥ ወንበር ላይ አንቀላፍቼ ሲነጋ በእግሬ እስከ አውቶቡሱ ሄድኩ። ትኬት ስትቆርጡ የምትነሱበትን ሰዓት ብቻ ሳይሆን የምትደርሱበትንም እዩ።

ሁለት ቀን ጁኖ ቆየሁ፣ የመንደንሆልን የበረዶ ግግር አየሁ። ከዚያ ወደ ሄንስ ከተማ ልቀጥል አስቤ ነበር፣ በሌላ ፌሪ አራት ሰዓት ተኩል ነው። ከሄንስ የሚወጣ መንገድ ቢኖርም በቀጥታ ካናዳ ነው የሚያስገባው፤ ፓስፖርቴን አስቤ ተውኩት። መመለሻዬን በአውሮፕላን አደረግኩ። ሦስት ሌሊት የፈጀብኝን መንገድ በሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ጨረስኩት። መስኮት ዳር ነበርኩ፣ የታየኝ ግን ደመና ብቻ ነው።

ቤት ገብቼ ድንኳኑን ላደርቀው ስዘረጋ ግራጫው ፕላስተር አራቱም ማዕዘን ላይ አለ። ልላጠው ሞከርኩ፣ እምቢ አለ።