«ግልጽ ነው» ለሚል የፓተንት መርማሪ ምን ይመለሳል?

አሜሪካ ውስጥ ለሕክምና መሣሪያ ፓተንት የምታመለክቱ ወገኖች፣ እኔን በጊዜው ማንም ያልነገረኝን ልንገራችሁ፦ ጠበቃ የሚጽፈው ክርክር እንደ ማስረጃ አይቆጠርም።

መሣሪያችን በቀዶ ሕክምና ወቅት በሚደማ ቦታ ላይ ደም የሚያረጉ ፕሮቲኖችን የሚያፈስ ነው። ፋይብሪኖጅን በአንዱ ሲሪንጅ፣ ትሮምቢን በሌላው ይሞላል፤ ሁለቱ የሚገናኙት ጫፉ ላይ ነው። ሐኪሙ ለአፍታ ማፍሰሱን ሲያቆም ጫፉ ላይ የቀረችው ጠብታ ትረጋና ቀዳዳውን ትደፍነዋለች። እኛ መጀመሪያ የፋይብሪኖጅኑን ቀዳዳ የሚዘጋ፣ ከዚያ የተደባለቀችውን ጠብታ በሦስተኛ ቱቦ የሚመጥ ጫፍ ሠራን። ጊዜያዊ ማመልከቻው ገባ፤ ዋናው በ12 ወር ውስጥ ተከተለ፤ እስከዚህ ችግር አልነበረም።

መርማሪው ግን ሁለት የቆዩ ፓተንቶችን አጣመረ። አንዱ ባለሁለት ሲሪንጅ መሣሪያ ነው፤ ሌላው እንዳይንጠባጠብ ሙጫውን ወደ ኋላ የሚስብ የፋብሪካ ማሽን። «ሁለቱን ማጣመር ለሙያው ሰው ግልጽ ነው» አለ፤ በዘርፉ የሠለጠነ ሰው በቀላሉ የሚደርስበት ነገር ደግሞ ፓተንት አይሰጠውም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2007 በኬኤስአርና በቴሌፍሌክስ የመኪና ፔዳል ክርክር፣ የሙያው ሰው ተራ የፈጠራ ችሎታ ያለው እንጂ እንደ ማሽን የሚሠራ አይደለም ብሏል። ከዚያ ወዲህ «ሙጫና ሕክምና ምን አገናኛቸው?» የሚለው መልስ ብዙ አያስኬድም። ጠበቃችን ግን ያንኑ መልስ ገጽ በገጽ አድርገው ጻፉት።

ትክክለኛው መልስ በዚያው ሰሞን ላቦራቶሪያችን ጠረጴዛ ላይ ነበር። መርማሪው ያሰበውን ጥምር ሠርተን ሞክረነዋል። ሙጫ ወደ መጣበት ቱቦ ቢመለስ ጉዳት የለውም። የእኛ ጠብታ ግን ትሮምቢን ይዛ ወደ ፋይብሪኖጅኑ ቱቦ ትገባለች። ትሮምቢን ኢንዛይም ነው፤ በሥራው ስለማያልቅ ጥቂቱ ብዙ ፋይብሪኖጅን ያረጋል። ቱቦውን በቁመቱ ስንሰነጥቀው እንደ ጎማ የሚለጠጥ ነጭ ክር ወጣ። መደፈኑ ከጫፉ ወደ ውስጥ፣ ሊጠረግ ወደማይችልበት ቦታ ገባ ማለት ነው።

ፎቶውንና ውጤቱን ስልክላቸው ጠበቃችን «ለይግባኝ እናቆየው» አሉኝ። ይህ ቃል እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል! ማመልከቻው በመጨረሻ ውሳኔ ውድቅ ከተደረገ በኋላ አዲስ ማስረጃ እንዲሁ አይገባም፤ ቀደም ብሎ ያልቀረበበት በቂ ምክንያት ይጠየቃል። በይግባኝ ደረጃ በሩ የባሰ ይጠባል። ምርመራው እንዲቀጥል እንደገና መክፈል ግድ ሆነብን።

የሙከራውን ውጤት በማስረጃነት የሚያቀርበውን መግለጫ በመጨረሻ ራሴ ጽፌ ፈረምኩ፤ ሕጉ ለፈልሳፊው ይህንን ይፈቅዳል። ቴክኒካዊውን ክፍል ለጠበቃ ተዉት የሚለውን ምክር አልቀበልም። ንጽጽሩ ከእናንተ በፊት ከታወቁት ሥራዎች ለፈጠራችሁ ከሁሉ ከሚቀርበው ጋር ይሁን፤ ሙከራውም ጥበቃ ከምትጠይቁበት ስፋት ጋር ይመጣጠን። እኛ በአንድ ዓይነት መዝጊያ ብቻ ስለሞከርን መርማሪው ጥበቃውን በዚያው ልክ አጠበበብን። ፓተንቱን አግኝተናል፤ እኮራበታለሁ፤ የጠበበው ክፍል ግን ይቆጨኛል።

ከተሰጠም በኋላ ክርክሩ አይዘጋም። ከ2012 ጀምሮ ተፎካካሪ የቆዩ ፓተንቶችንና የታተሙ ጽሑፎችን ይዞ «ግልጽ ነበር» በማለት እንዲሰረዝ ማመልከት ይችላል። ስለዚህ ያልተሳካውን ሙከራ ከተሳካው እኩል በቀንና በፊርማ መዝግቡ። ብዙ ጠበቆች ውድቀት በማመልከቻ አይጻፍ ይላሉ፤ እኔ ይጻፍ ባይ ነኝ። መርማሪው ሊያጣምር የሚችለውን ቀድማችሁ ሠርታችሁ፣ ለምን እንደማይሠራ ከነምክንያቱ በመጀመሪያው ማመልከቻ ውስጥ አስገቡት።